የቅልጥፍና ልምምድ ዕቃ እንዴት ይመረጣል? በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች ለሚያሠለጥኑ ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ ለመጻፍ የተነሣሁት በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በእነዋሪም ሆነ በሸዋ ሮቢት ታዳጊዎችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች በአንድ ዓይነት ስሕተት ደጋግመው ሲሰናከሉ በማየቴ ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ አንድ ሰው አዲስ አበባ ይላካል፣ በአንድ ቦርሳ የታጨቀ «ሙሉ ስብስብ» ተገዝቶ ይመጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ መሬት ላይ ተዘርግቶ በመወጣጫዎቹ መካከል የሚረገጥበት የልምምድ መሰላል ተወሳስቦ፣ የመጎተቻው ላስቲክ ተበጥሶ፣ ኮኑ (የሜዳ ምልክቱ) ተሰባብሮ ጥግ ላይ ይጣላል፤ ተጫዋቹም ተከላካይ ፊት ሲደርስ እንደ በፊቱ ይዘገያል። ዕቃው መጥፎ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የልጆቹ ጉድለት ይለካል፣ ቀጥሎ ሜዳው ይታያል፣ ዕቃ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እባክዎ ደረጃዎቹን ሳይዘሉ ይከተሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ

ቢያንስ 20 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ሰዓት መያዣ፣ ደብተር፣ መስመር ለማስመር ጥቂት ኖራና አንድ ረዳት ያዘጋጁ። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ምንም ዕቃ አይግዙ።

ደረጃ 1፦ ጉድለቱን ይለኩ

ፍጥነት፣ ቅንጅትና ምላሽ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ፍጥነት በቀጥታ መስመር ቶሎ መድረስ ነው። ቅንጅት እግር፣ እጅና ወገብ ሳይጠላለፉ አብረው መሥራታቸው ነው። ምላሽ ደግሞ ያልታሰበ ነገር ሲታይ ወይም ሲሰማ ቶሎ መወሰን ነው። ቅልጥፍና የምንለው ሦስቱ ተገናኝተው ተጫዋቹ አንድ ነገር አይቶ አቅጣጫውን ወይም ፍጥነቱን ሳይዘገይ ሲቀይር ነው። አንዱን የሚያሻሽል ዕቃ ሌላውን ላያሻሽል ስለሚችል እያንዳንዱን ልጅ በሚከተሉት አራት ፈተናዎች ይለኩ።

1. ቀጥታ 20 ሜትር። ከቆመበት ተነሥቶ 20 ሜትር ይሩጥ።

2. 5-10-5። በአንድ መስመር ላይ በ5 ሜትር ርቀት ሦስት ምልክቶች ያድርጉ። ተጫዋቹ ከመካከለኛው ተነሥቶ 5 ሜትር ወደ ቀኝ ይሩጥ፤ መስመሩን በእግሩ ነክቶ ይዙርና 10 ሜትር ወደ ግራ ይሂድ፤ እንደገና ዞሮ 5 ሜትር ሮጦ በመነሻው መስመር ይለፍ። ጠቅላላው ርቀት ይህም 20 ሜትር ስለሆነ ከመጀመሪያው ፈተና ጋር ያለው ልዩነት ልጁ በሁለት መዞር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክን ያሳያል። ለምሳሌ አንዱ ቀጥታውን በ3.4፣ ይህን በ5.9 ሰከንድ ቢጨርስ፣ ሌላው ደግሞ ቀጥታውን በ3.6፣ ይህን በ5.3 ሰከንድ ቢጨርስ፣ በቀጥታ የሚፈጥነው ልጅ በመዞር ከጓደኛው ይልቅ ብዙ ያጣል ማለት ነው። ለእነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛት ትርጉም የለውም።

3. የምልክት ሩጫ። ተጫዋቹ 5 ሜትር ሮጦ በሁለት ምልክቶች መካከል ሲደርስ ፊት ለፊቱ የቆመው ረዳት አንድ እጁን ወደ ጎን ይዘርጋ፤ ተጫዋቹ በተዘረጋው አቅጣጫ አግድም 5 ሜትር ይሩጥ። መጀመሪያ አቅጣጫውን አስቀድመው እየነገሩት 3 ጊዜ፣ ከዚያ ሳይነግሩት 3 ጊዜ ያስሩጡት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምላሹ ጉድለት ነው።

4. ሰኞ ማክሰኞ። በኖራ ጎናቸው 40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 10 ሳጥኖች በተከታታይ ያስምሩ። ልጁ በእያንዳንዱ ሳጥን ሁለቱንም እግሮቹን በተራ እያሳረፈ ይለፍ። ሰዓት አያስፈልግም፤ መስመር የረገጠበትን ቁጥር ብቻ ይመዝግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በእጅ የተያዘ ሰዓት ያታልላል። በአትሌቲክስ በእጅ የተለካ የ100 ሜትር ውጤት ከኤሌክትሮኒክ ውጤት ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት የሰው ጣት የመነሻውን ምልክት ተከትሎ እስኪጫን ስለሚዘገይ ነው። ስለዚህ ከ0.2 ሰከንድ በታች የሆነን ልዩነት በሰዓት መያዣ ለክተው «ተሻሽሏል» አይበሉ። ለምልክቱ ሩጫ ስልኩን በአንድ ቦታ አጽንተው ይቅረጹና ምስሉን አንድ በአንድ እያሳለፉ ይቁጠሩ፤ ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ አንዱ ምስል 0.03 ሰከንድ ገደማ ነው።

ልጁ ተንሸራትቶ ቢወድቅ ወይም ረዳቱ እጁን ቢያዘገይ ያንን ሩጫ ሰርዘው ከ3 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ይድገሙት እንጂ በግምት አይሙሉት።

ደረጃ 2፦ ሜዳውን ይመርምሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው፤ እኔም ዘልዬው ተጎድቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት የገዛሁት መሰላል መወጣጫዎቹ በማሰሪያው ላይ የሚንሸራተቱ ነበሩ። በኅዳር ጠዋት፣ ውርጭ ባረፈበት ሣር ላይ ዘርግቼ የ14 ዓመት ልጅ አሠራሁበት። የረገጠው መወጣጫ ከሥሩ ሸሸ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ ሁለት ወር ከሜዳ ራቀ። ያ ልጅ የተጎዳው በእኔ ጥድፊያ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ሜዳው ላይ ቆመው አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ውርጭ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚህ ወቅት የመዞር ልምምድን ፀሐይ ሣሩን ካደረቀች በኋላ፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወዲህ ወይም ከሰዓት በኋላ ያድርጉ። ይህ የማይቻል ከሆነ ጠዋቱን ለምላሽ ልምምድ በቆሙበት ይጠቀሙበት። ፕላስቲክም በብርድ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር ጠንካራ ኮን ለዚህ አገር አይሆንም።

መረሬ መሬት። በሞረትና ጅሩ እንዳለው ጥቁር መሬት በክረምት ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን ያከብዳል፤ መሬት ላይ የሚዘረጋ ማንኛውም ዕቃ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የልጅ እግር ሊይዝ ይችላል። ልምምዱ የሚደረግበትን 20 በ10 ሜትር ቦታ በእግርዎ እየረገጡ ይፈትሹ፤ ስንጥቁን በአፈር ይድፈኑ፤ መድፈን ካልተቻለ ቦታ ይቀይሩ።

ንፋስ። በደጋው ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይበረታል። ቀላል መሰላል ይገለበጣል፣ ቀላል ኮን ይበራል። ዕቃ ሲመርጡ «ይህ በንፋስ ይቆያል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሙቀትና ፀሐይ። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኝ ቆላ ናት። በዚያ የላስቲክ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በደጋው ደግሞ ኃይለኛው ፀሐይ ያደርቀዋል። በሁለቱም ቦታ ላስቲክ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ መዋል የለበትም።

ደረጃ 3፦ ለጉድለቱ የሚስማማውን ዕቃ ይምረጡ

በመዞር ብዙ ጊዜ ለሚያጡ፦ ኮን። መግዛት ያለብዎ መጀመሪያ ይህን ነው። ጠፍጣፋውን፣ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ ሲረገጥ ተጨፍልቆ የሚመለሰውን ይምረጡ። ረጃጅሙ ኮን ለርቀት ምልክት እንጂ ልጅ በፍጥነት ለሚዞርበት ቦታ አይመችም፤ ንፋስም ይጥለዋል። ሦስት ወይም አራት ቀለም ይኑረው፤ ቀለሙ በኋላ ለምላሽ ልምምድ ያገለግላል። ከአረንጓዴ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል አረንጓዴውን ይተዉት።

ወደ ኮኑ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን መግታት ለሚያቅታቸው፦ ትንንሽ መሰናክል። ለጀማሪ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለዝላይ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። ልጁ ከመሰናክሉ ዘልሎ ጉልበቱን አጥፎ ጸጥ ብሎ ማረፍን ሲማር ነው ፍሬን መያዝ የሚችለው። መሰናክሉ ሲነካ የሚወድቅ መሆን አለበት። መሬት ውስጥ የተተከለ ወይም የማይወድቅ መሰናክል ጥርስና ጉልበት ይሰብራልና አይጠቀሙበት።

እግራቸው ለሚጠላለፍ፦ መሰላል። በመሰላል ላይ የሚጣለው ተስፋ ከአቅሙ በላይ ነው። መሰላል የእግር ምትን፣ ሚዛንንና ቅንጅትን ያስተምራል፤ ለታዳጊዎችና ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ምቱን በቃሉ ከያዘ በኋላ የሚወስነው ነገር ስለሌለ ምላሹን አያሠለጥንም፤ እርምጃው አጭር ስለሆነም የቀጥታ ፍጥነቱን ብዙ አይጨምርም። በአራተኛው ፈተና መስመር የሚረግጡት ልጆች ጥቂቶች ከሆኑ መሰላል አይግዙ፤ የኖራው ሰኞ ማክሰኞ ይበቃቸዋል። ከገዙም መወጣጫው ጠፍጣፋና በማሰሪያው ላይ የተሰፋ ይሁን። ርቀቱን ማስተካከል ይቻላል ተብሎ የሚሸጠው ተንሸራታች መወጣጫ ከላይ ያነሣሁትን ልጅ የጎዳው ዓይነት ነው።

ምልክት ሲያዩ ለሚዘገዩ፦ ሰው፣ ከዚያ ኳስ። ተጫዋች በጨዋታ ላይ ምላሽ የሚሰጠው ለተጋጣሚው ወገብና ትከሻ ስለሆነ የመጀመሪያው የምላሽ ዕቃ ፊት ለፊት የሚቆም ጓደኛ ነው። ሁለት ልጆች በ3 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እንደ መስታወት ይከተለው። ቀጥሎ የቴኒስ ኳስ ይግዙ፤ ረዳቱ በትከሻው ከፍታ ይዞ ሲለቀው ልጁ ከ4 ሜትር ርቀት ተነሥቶ ሁለተኛ ሳይነጥር ይያዘው። ባለ ጉብታው የምላሽ ኳስ ወዴት እንደሚነጥር ስለማይታወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በጠንካራና ልሙጥ ወለል ላይ ብቻ ነው። ሣር ላይ ይሞታል፣ ጠጠር ላይ ደግሞ ወደ ዓይን ሊነጥር ይችላል። ሲሚንቶ ወለል ከሌለዎ አይግዙት።

በቀጥታ ለሚዘገዩ፦ ዳገት፣ ከዚያ መጎተቻ። ሰሜን ሸዋ ዳገት አልተነፈገም። በ20 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ገደማ ከፍ የሚል ለስላሳ ዳገት ካገኙ ለመነሻ ፍጥነት የሚሆን ነጻ ዕቃ አግኝተዋል። ሜዳዎ ለጥ ያለ ከሆነ በወገብ ቀበቶ የሚጎተት ጭነት ይጠቀሙ፤ ነገር ግን የሯጩን ፍጥነት ከአስር አንድ እጅ በላይ የሚቀንስ ጭነት አሯሯጡን ሊያበላሽ ስለሚችል የ20 ሜትር ሰዓቱን እያዩ ጭነቱን ያስተካክሉ።

የማልመክራቸው። ሯጭ ከኋላው የሚጎትተው ፓራሹት ለደጋው አይሆንም፤ በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል፤ የጎን ንፋስ ሲመታው ደግሞ ሯጩን ከመስመር ያወጣዋል። በስልክ የሚታዘዙ የምላሽ መብራቶች በቀን ፀሐይ በደንብ አይታዩም፣ ባትሪያቸውም በብርድ ቶሎ ይደክማል። ገንዘቡ ካለዎ ለአዳራሽ ይግዟቸው፤ ለሜዳ ግን አይደለም።

ደረጃ 4፦ ብዛቱን ይወስኑ

ለ20 ልጆች 40 ጠፍጣፋ ኮን፣ 8 ትንንሽ መሰናክል፣ 10 የቴኒስ ኳስ፣ ሁለት ሰዓት መያዣና ፊሽካ ይበቃሉ። መሰላል ካስፈለገ ሁለት ይሁን፤ በአንዱ ብቻ 20 ልጆች ተሰልፈው ሲጠብቁ ሰውነታቸው ይበርዳል። የመሰላሉ መወጣጫዎች ርቀት ለልጆች 40፣ ለአዋቂዎች ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ደረጃ 5፦ ሳይከፍሉ ይፈትሹ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ መንዝ ለሚሄድ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። የተበላሸ ዕቃ ለመመለስ አንድ ቀንና የመኪና ሒሳብ ያስወጣልና ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ።

ኮኑን በመዳፍዎ ጨፍልቀው ይልቀቁት፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ካልተመለሰ ይተዉት። ከመካከል አንዱን ብቻ ሳይሆን ከቁልሉ ሥር ያለውንም ይሞክሩ።

መሰላሉን ሱቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስዘርጉ። መወጣጫዎቹን ይቁጠሩ፣ ርቀታቸውን በሜትር ይለኩ፣ እያንዳንዱን ይዘው ወደ ጎን ይግፉ። ጠርዙ ስለት ካለው ወይም መወጣጫው ክብ ዘንግ ከሆነ አይግዙ፤ ክብ ዘንግ ከእግር ሥር ይንከባለላል።

መሰናክሉን አቁመው በጣትዎ ይግፉት፤ በቀላሉ መውደቅ አለበት። ከወደቀ በኋላ መገጣጠሚያው ካልተነቀለ ይውሰዱት።

ላስቲክ የሚገዙ ከሆነ ለጥጠው ብርሃን ላይ ይዩት። ቀጫጭን ስንጥቅ ወይም ነጭ ብናኝ ካለበት ያረጀ ነው። መንጠቆው ብረት ከሆነ በጨርቅ የተሸፈነ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሰዓት መያዣውን ከስልክዎ ሰዓት ጋር አብረው አስነሥተው 5 ደቂቃ ያቆዩት።

ሻጩ «ስብስቡ አይፈታም» ካለ ከስብስቡ ውስጥ የሚጠቀሙባቸውን ብቻ ቆጥረው ዋጋውን ለእነሱ ያካፍሉ። ተናጥል ከመግዛት ከበለጠ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ ያጡትን በአካባቢዎ ይተኩ

መሰናክል ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች የፕላስቲክ ቱቦ ይሠራል። ቱቦውን በመጋዝ ቆርጠው በክርን ቅርጽ መገጣጠሚያ ያገናኙት፤ መገጣጠሚያውን ግን በማስቲሽ አያጣብቁት፤ ሲመታ እንዲፈታ ልቅ ይሁን። የተቆረጠውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ለመጎተቻ ከጎሚስታ ያረጀ የመኪና ጎማ ይበቃል፤ ለወገብ ቀበቶ ደግሞ ሰፊ ጨርቅ በእጥፍ ያሰፉ። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክም ያገለግላል፤ ሆኖም ቢበጠስ ፊት ላይ ስለሚመለስ ከመደበኛ ርዝመቱ ከእጥፍ ተኩል በላይ አይለጥጡት፤ የያዘውም ልጅ ፊቱን ወደ ጎን ያዙር።

ድንጋይ፣ ጡብ፣ ብረትና የጠርሙስ ስባሪ በፍጹም ምልክት አይሁኑ። ኮን እስኪገዛ ድረስ የኖራ ክብ ይበቃል። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ንፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ልጆቹ ሳይመጡ ይርጩት።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በጥንቃቄ ይምሩ

1. ሰውነት ማፍታታቱ በደጋው ጠዋት ቢያንስ 15 ደቂቃ ይውሰድ።

2. የቅልጥፍና ልምምድ ከፍታታቱ ቀጥሎ፣ ልጆቹ ሳይደክሙ ይሠራ። በልምምዱ መጨረሻ የሚሠራ ቅልጥፍና የሚያስተምረው ዘገምተኛ እግር ነው።

3. አንዱ ሩጫ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ፤ ዕረፍቱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይሁን። ከቆላ የመጣ ልጅ በደብረ ብርሃን አየር ትንፋሹ ቶሎ ስለማይመለስ 2 ደቂቃ ይስጡት።

4. በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ይበቃል። በሁለቱ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ።

5. በአንድ ቀን አዲስ ዕቃ ከአንድ በላይ አያስገቡ።

ችግር ሲገጥም

ልጁ እግሩን እያየ ይሠራል። ልምምዱ ከበደው ማለት ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱና ፊት ለፊት ቆመው በጣትዎ ቁጥር ያሳዩት፤ እየሠራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር።

ኮኑ ጋ ሲደርስ ያንሸራትተዋል። መጀመሪያ ጫማውን ይዩ፤ የታኬታው ጥርስ አልቆ ከሆነ የመዞር ልምምድ አያሠሩት። ጫማው ደህና ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሦስት እርምጃዎች አጭር፣ ወገቡንም ዝቅ እንዲያደርግ ያዙት።

የጉልበት ሕመም ያነሣል። ዝላዩን በዚያው ቀን ያቁሙ። ሕመሙ በሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት፤ «ይለምደዋል» አይበሉ።

የቁርጭምጭሚት መዞር ደረሰ። ጫማውን ፈተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ያኑሩበት። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ አጥንት ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ያሳዩት። አይታሽ።

ምልክቱን አስቀድሞ ይገምታል። ረዳቱ ሁልጊዜ ከቀኝ ስለሚጀምር ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አስቀድመው በወረቀት ይጻፉለት፤ አልፎ አልፎም ምንም ምልክት የሌለበት ሩጫ ያስገቡ።

ደረጃ 8፦ ከ6 ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩ

አራቱን ፈተናዎች በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ይድገሙ። የመዞር ጉድለቱ ካልቀነሰ ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የልምምድ መዝገቡን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዕረፍቱ መቁረጥ ወይም የቀሩ ቀናት ነው። መዝገቡ የተሟላ ሆኖ ለውጥ ከሌለ ኮኖቹን ያቀራርቡና ትንንሽ መሰናክሉን ያክሉ። የመዞሩ ተሻሽሎ የምልክቱ ካልተሻሻለ የሚቀጥለው ገንዘብ ለቴኒስ ኳስ ይዋል። ሁለቱም ተሻሽለው 20 ሜትሩ ብቻ ከቀረ ወደ ዳገቱ ይሂዱ።

እስከዚያው ዕቃውን በየልምምዱ ማብቂያ ጭቃውን አራግፈው፣ በጥላ አድርቀው፣ መሰላሉን በመወጣጫዎቹ ልክ አጥፈው በሁለት ቦታ ይሰሩት። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አድርገው አይጥ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ግን አያስቀምጡት።